የሁለት ተጋጣሚዎች ጨዋታ በጅጅጋና በአካባቢዋ ከተሞች

የሶማሌ ሕዝብ ጨዋታዎች ለጥናት እንግዳ አይደሉም። ማሪን የተባለ ጸሐፊ ስለ ሶማሌ ጨዋታዎች ያዘጋጀው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1931 በብሪታንያ የንጉሣዊ አንትሮፖሎጂ ተቋም መጽሔት ታትሟል፤ ሪቻርድ ፓንክኸርስትም እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣና ስለ ሌሎች የአፍሪካ ቀንድ የሰሌዳ ጨዋታዎች ጽፏል። ከዚያ ወዲህ ወደ ከተሞች የገባው ሌላው የግጥሚያ ዐይነት ግን፥ ይኸውም በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ሁለት ሰዎች በቡጢና በርግጫ የሚፋለሙበት ጨዋታ፥ የሥራ ፈቶች መዋያ ተብሎ ከባህል መዝገብ ውጭ ቀርቷል። ይህ ፍርድ የተቻኰለ ነው። ጨዋታው ከባሕር ማዶ የመጣ ቢሆንም ያረፈበት መደብ ባዶ አልነበረም።

በጅጅጋ፥ በቀብሪበያህ፥ በአውበሬና በቶጎ ውጫሌ አካባቢ ከሚታወቁት የግጥሚያ ጨዋታዎች ሁሉ ሊቀድም የሚገባው ሸሕ ነው። በመሬት ላይ ሦስት አራት ማዕዘኖች አንዱ በሌላው ውስጥ ይሠመራሉ፤ የየጐናቸው መካከል በአጭር መስመር ይያያዛል፤ በዚህም 24 ነጥቦች ይገኛሉ። ሁለቱ ተጋጣሚዎች እያንዳንዳቸው 12 ጠጠር፥ ወይም አንዱ ጠጠር ሌላው የእንጨት ስባሪ ይዘው በየተራ ይደረድራሉ። ሦስቱን በአንድ መስመር ያሰለፈ «ጃሬ» ሠራ ይባላል። ነገር ግን ድርደራው እስኪፈጸም ድረስ ማንም ከባላጋራው አንዲት ጠጠር አያነሣም። ውጊያው የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። በአውሮፓ በሚታወቀው አምሳያው ጨዋታ መንቀሳቀሻ ያጣ ሰው እንደ ተሸነፈ ይቈጠራል፤ በሸሕ ግን ዘግቶ ማሸነፍ አይፈቀድም፤ ባላጋራውን ያፈነው ራሱ መንገድ ሊከፍትለት ይገደዳል። ይህ ትንሽ የምትመስል ደንብ ስለ ክርክርና ስለ ዳኝነት ብዙ ትናገራለች። በዙሪያው የተቀመጠውም ተመልካች ዝም ብሎ አያይም፤ ይመክራል፥ ይፈርዳል፥ ይዘብታል።

የመኪናው ጨዋታ የተወለደው በሌላ ዓለምና ለሌላ ዓላማ፥ በግልጥ ለመናገር ለትርፍ ነው። ሳንቲም እየጐረሰ የሚሠራ የጨዋታ መኪና ያቆመ ነጋዴ አንድ ችግር ነበረበት፤ ብቻውን የሚጫወት ብልህ ልጅ በአንድ ሳንቲም ረጅም ጊዜ ይቈያል፤ የልጁ ብልኀት የነጋዴው ኪሳራ ነው። ሁለት ሰዎች ሲጋጠሙ ግን ሁልጊዜ አንዱ ይሸነፋል። ያሸነፈው በቦታው ይቈያል፤ የተሸነፈው ወይ ይነሣል፥ ወይ ሌላ ሳንቲም ይጨምራል። ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1983 ዓ.ም. አጋማሽ ያወጣው «ስትሪት ፋይተር 2» ይህንን ሥርዐት በዓለም አስፋፋ። ምቶችን ያለማቋረጥ አከታትሎ መሰንዘር፥ በተጫዋቾች አነጋገር «ኮምቦ»፥ ሠሪዎቹ አስቀድመው ያቀዱት አልነበረም፤ በሥራው መካከል ተገኝቶ እንዳለ የተተወ ነው። በአሜሪካ ተራ ጠባቂው ሳንቲሙን በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ያስቀምጥ ነበር፤ በጃፓን ሁለት መኪናዎች ጀርባ ለጀርባ ስለሚቆሙ ተጋጣሚዎቹ ፊት ለፊት አይተያዩም።

ያው 1983 ዓ.ም. ለጅጅጋ የሌላ ታሪክ ዘመን ነበር። በጥር የሲያድ ባሬ መንግሥት ከሞቃዲሾ ተባረረ፤ በግንቦት በሰሜን ሶማሊያ የሶማሊላንድ መንግሥት ታወጀ፤ በዚያው ወር ደርግ ወደቀ። ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ ከሐርጌሳ ጦርነት የሸሸው ሕዝብ በሐርትሼክ ሰፍሮ ነበር፤ እስከ 1996 ዓ.ም. የቈየው ይህ ሰፈር በአንድ ወቅት ከዓለም የስደተኞች ሰፈሮች ሁሉ ትልቁ ይባል ነበር። በሰፈሩም አጠገብ ገበያ ቆመ። ከበርበራ ወደብ በሐርጌሳና በቶጎ ውጫሌ በኩል የሚገባው ዕቃ፥ ልብሱም ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም፥ ከዚያ ወደ ጅጅጋ፥ ከጅጅጋም ወደ ሐረርና ድሬዳዋ ይወርድ ነበር። መንግሥት ኮንትሮባንድ ይለዋል፤ የአገሩ ሰው ግን ንግድ ነው የሚለው። የምስል መስኮት በተራው ሰው ቤት የተለመደው በዚህ መንገድ ነው።

ባለ ሳንቲሙ መኪና ራሱ በዚህ መንገድ አልመጣም፤ እጅግ ከባድ ነው፤ የሌላ አገር ሳንቲምም ይፈልጋል። መኪናውን ከሣጥኑ የለየው በ1987 ዓ.ም. የሆነው ነው። ናምኮ «ቴከን» የተባለውን የፍልሚያ ጨዋታ ለአዳራሽ ሲሠራ የተጠቀመበት መኪና በፕሌይስቴሽን ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ስለዚህ በዚያው ዓመት ለቤት የወጣው ቅጅ ከአዳራሹ እምብዛም አይለይም ነበር። የቶኪዮ አዳራሽ በአንዲት ትንሽ ሣጥን ተጠቅልሎ የትም ይደርስ ጀመር።

ነገር ግን በዚህች ሣጥን ላይ የሳንቲም ቀዳዳ የለም። እንግዲህ ተራን የሚያስከብር፥ ዋጋንም የሚሰበስብ ማን ይሁን? በኢትዮጵያ ከተሞች መልሱ ተዘጋጅቶ የቈየ ነበር። በከረንቡላና በጆተኒ ቤት ተሸናፊ ከፋይ ነው፤ የፕሌይስቴሽን ቤትም ይህንኑ ሕግ ወረሰ። ባለቤቱ የሳንቲሙን ቀዳዳ ተክቶ ተቀመጠ፤ ተጋጣሚዎቹም ጀርባ ለጀርባ ሳይሆን ትከሻ ለትከሻ፥ ጆይስቲካቸውን ይዘው በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጡ። ተመልካቹ ደግሞ በሸሕ ዙሪያ ከተቀመጠው አይለይም። መኪናው ማን እንደ ተመታ ይቈጥራል እንጂ፥ ባላጋራን በማዕዘን አፍኖ አንዱን ምት እየደጋገሙ ማሸነፍ ነውር መሆን አለመሆኑን አይፈርድም። ይህንን የሚፈርደው የከበበው ሰው ነው፤ የሸሕ ተጫዋች መንገድ ክፈትለት ሲባል ከሚሰማው ዳኝነት ጋር ቅርብ ነው።

በጨዋታው ላይ የሚሰማው ወቀሳ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው «ሞርታል ኮምባት» በደም አፍሳሽነቱ እስከ አሜሪካ ሴኔት ደርሶ በ1986 ዓ.ም. ምርመራ ተደርጎበታል፤ በዕድሜ የሚለይ የደረጃ ምልክትም የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የወላጆች ሥጋት መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ የትምህርት ሰዓትና የዕለት ጉርስ በዚያ ቤት ይባክናል። ሆኖም ወቀሳው የሚመለከተው በመስኮቱ ውስጥ ያለውን ደም እንጂ በመስኮቱ ፊት የተቀመጠውን ሸንጎ አይደለም። ይህ ሸንጎ ደግሞ እየሳሳ ነው። በየጨዋታ ቤቱ የእግር ኳስ ግጥሚያ የፍልሚያውን ቦታ ከወሰደ ቈይቷል፤ የእጅ ስልክም ባላጋራን ከጐን አንሥቶ ወደማይታይ ስፍራ ወስዶታል። ሸሕም እንኳ ዛሬ በስልክ የሚጫወቱት መልክ ወጥቶለታል፤ ነጥቦቹ 24፥ ጠጠሮቹም 12 12 ናቸው፤ የሚዘብተው ተመልካች ብቻ የለም።