ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን፦ የሞተረኞች መስመርና የኬላዎቹ ታሪክ

አፍሪካን ከሰሜን ወደ ደቡብ በሞተር ብስክሌት የሚያቋርጡ ተጓዦች የሚከተሉት መስመር ካርታ ላይ ሲታይ ወንዝና ተራራ የቀየሱት ይመስላል፤ ያለፉት ዘጠና ዓመታት ታሪኩ ሲመረመር ግን መስመሩ በየዘመኑ የተጠማዘዘው በተዘጉ ኬላዎች፣ በጦርነቶችና በጉምሩክ ወረቀቶች ምክንያት መሆኑ ይገለጣል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅኝ ግዛት ዘመን አህጉሩ በጥቂት መንግሥታት እጅ ስለነበረ የድንበሩ ቁጥር ትንሽ፣ የመንገዱ ችግር ግን ከባድ ነበር። ቴሬሳ ዋላክና ፍሎረንስ ብሌንኪሮን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያት በ1934 መጨረሻ፣ ባለ 600 ሲሲ ፓንተር ሞተር ብስክሌት ላይ የጎን ጋሪና ተጎታች ገጥመው ከለንደን ሲነሱ የመረጡት የዓባይን ሸለቆ ሳይሆን የሰሐራን በረሃ ነበር። አልጀርስ ላይ የገጠማቸው የመጀመሪያ መሰናክል የፈረንሳይ ባለሥልጣናት ፈቃድ ሲሆን፣ በረሃው ውስጥ ደግሞ ሞተራቸው ተሰብሮ አጋዴዝ ላይ እንደገና ተፈትቶ ተገጥሟል። በናይጄሪያ፣ በኮንጎና በምሥራቅ አፍሪካ በኩል አልፈው በ1935 አጋማሽ ኬፕ ታውን ሲደርሱ አህጉሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጠው ነበር፤ በጉዟቸው ሁሉ ያስቸገራቸው ከማኅተም ይልቅ አሸዋ ነበር ማለት ይቻላል።

ተሽከርካሪ ይዞ ድንበር መሻገር ከመንገደኛው ፓስፖርት የተለየ የራሱ ጥያቄ አለው፤ ወደ አንድ አገር የገባ ሞተር ብስክሌት እዚያው ተሽጦ ቢቀር መንግሥት ቀረጡን ያጣልና። ለዚህ መፍትሔ ሆኖ የተስፋፋው «ካርኔ» የሚባለው ደብተር ሲሆን፣ ይህም የአውቶሞቢል ማኅበራት ለአባሎቻቸው የሚሰጡት፣ ተሽከርካሪው በጊዜያዊነት ያለ ቀረጥ ገብቶ እንደሚወጣ ዋስትና የሚሆን ሰነድ ነው። እያንዳንዱ የደብተሩ ገጽ በሦስት የተከፈለ ነው፤ አንዱን ክፍል የመግቢያው ጉምሩክ፣ ሁለተኛውን የመውጫው ጉምሩክ ቆርጦ ያስቀራል፤ ሦስተኛው የሁለቱንም ማኅተም ይዞ ከደብተሩ ጋር ይቀራል። በ1954 ኒው ዮርክ ላይ የተፈረመው ስለ ግል ተሽከርካሪዎች ጊዜያዊ አገባብ የሚደነግገው ስምምነት አሠራሩን ዓለም አቀፍ መሠረት አስያዘው። ሆኖም ዋስትናው በባንክ ተቀማጭ ወይም በመድን የሚያዝ ስለሆነ፣ መጠኑም በተጓዡ መዳረሻ አገሮች የቀረጥ ልክ ስለሚወሰን፣ ቀረጥ የሚበዛበትን አንድ አገር ማለፍ ብቻ ወጪውን ከሞተሩ ዋጋ በላይ ሊያደርሰው ይችላል። የጉዞ መስመር ከነዳጅ ማደያ በፊት በዚህ ስሌት መነደፉ ሊያስደንቅ አይገባም።

ቅኝ ግዛት ሲያበቃ ወረቀቱ በዛ። ሮዴዢያ በ1973 መጀመሪያ ከዛምቢያ ጋር የሚያዋስናትን ድንበር ዘጋች፤ ኬንያና ታንዛኒያ ከ1977 እስከ 1983 ተዘጋግተው ቆዩ፤ የደቡብ ሱዳን ጦርነት የዓባይን መስመር በተደጋጋሚ ቆረጠው። የደቡብ አፍሪካ ማኅተም ያረፈበት ፓስፖርት በብዙ ነጻ አገሮች ተቀባይነት ስላልነበረው ሁለት ፓስፖርት መያዝ፣ ወይም ማኅተሙን በብጣሽ ወረቀት ላይ ማስመታት የተለመደ ብልሃት ሆነ። ቴድ ሳይመን የተባለው ተጓዥ ባለ 500 ሲሲ ትራያምፍ ሞተር ብስክሌት ይዞ አራት ዓመት የፈጀውን የዓለም ዙር ጉዞ የጀመረው በጥቅምት 1973፣ በግብፅና በእስራኤል መካከል ጦርነቱ በፈነዳበት ሰሞን ሲሆን፣ ከሊቢያ ወደ ግብፅ፣ ከዚያም በሱዳን በኩል ወደ ኢትዮጵያ ዘልቋል።

የኢትዮጵያው ክፍል ከሞተር በፊት የራሱ ረጅም ታሪክ አለው። ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርደው መንገድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቡናና ሰም የጫኑ ሲራራ ነጋዴዎች፣ ማለትም በጭነት እንስሳት ተሰልፈው ከገበያ ገበያ የሚጓዙ ነጋዴዎች፣ የሚመላለሱበት ነበር። በየግዛቱ ኬላ ቆሞ ቀረጥ ይሰበሰብ ስለነበር ነጋዴው መንገዱን የሚመርጠው የቀኑን ርቀት ብቻ ሳይሆን የኬላውንም ብዛት ቆጥሮ ነው፤ የነጋዴዎቹ አለቃና የቀረጡ ኃላፊ የነበረው ነጋድራስም ከዚሁ ሥርዓት የወጣ ሹም ነው። ከ1991 በኋላ ደቡብ ሱዳን ገና በጦርነት ላይ ሳለች መተማ፣ ጎንደር፣ አዲስ አበባና ሞያሌ የካይሮ–ኬፕ ጉዞ ዋና አከርካሪ ሆኑ። ኢትዮጵያ በ1964፣ ሱዳን በ1973 ከግራ ወደ ቀኝ መስመር ስለተሻገሩ፣ ከሰሜን የሚመጣ ሞተረኛ መስመር የሚቀይረው ሞያሌ ላይ ነው። ከዚያ እስከ ኬንያዋ ኢሲዮሎ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ሳይለብስ በፊት በኮረኮንችነቱና በሽፍቶች ይፈራ ስለነበር መኪኖች በታጣቂ አጀብ ይጓዙ ነበር። ይህን የሸሹ ተጓዦች ኦሞራቴ ላይ መውጫ ማኅተም አስመትተው በቱርካና ሐይቅ ዳር ወደ ኬንያ ይገቡ ነበር፤ በማዶው በኩል የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ስላልነበረም የመግቢያው ማኅተም የሚመታው ናይሮቢ ነበር፣ ስለዚህ በመካከሉ ባሉት ቀናት ተጓዡ በወረቀት ደረጃ የትም አገር አልነበረም። ሥርዓቱ ግን ቀስ በቀስ ቀለለ፤ በ1986 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የቢጫ ካርድ ስምምነት አንድ የሦስተኛ ወገን መድን በብዙ የስምምነቱ አባል አገሮች እንዲሠራ አደረገ፤ በ2020 ደግሞ የኢትዮጵያና የኬንያ ሹማምንት በአንድ ግቢ የሚሠሩበት የሞያሌ የጋራ ኬላ ተመረቀ።

በሰሜኑ በኩል የአስዋን ግድብ ውኃ አሮጌውን ዋዲ ሐልፋ ካሰጠመ ወዲህ ሞተረኛው የግብፅና የሱዳንን ድንበር የሚሻገረው የናስር ሐይቅን በጀልባ አቋርጦ ነበር፤ በ2014 የቁስጡል የየብስ ኬላ ሲከፈት ይህ ረጅም የጀልባ ጉዞ ግዴታ መሆኑ ቀረ። ይሁን እንጂ በ2023 ሱዳን ውስጥ የተነሳው ጦርነት መስመሩን መልሶ በጠሰው፤ በምሥራቅ በኩል መውረድ የሚሻ ሞተር ብስክሌቱን በመርከብ ወይም በአውሮፕላን ለማሳለፍ ተገደደ። በዚያው ዓመት አንጎላ ለ98 አገሮች ዜጎች የቱሪስት ቪዛን በማንሳቷ፣ ከሞሮኮ በሞሪታኒያ በኩል የሚወርደው የምዕራቡ መስመር ለረጅም ጊዜ የሚታወቅበት አስቸጋሪ ቪዛ ተቃለለ፤ የሰሜን–ደቡብ ጉዞ ሚዛንም ወደ አትላንቲክ ዳርቻ አጋደለ።