የተደፈነውን ቧንቧ ማየት፦ ከሲስቲክ ፋይብሮሲስ የምስል ምርመራ ታሪክ

ዶ/ር ዶሮቲ አንደርሰን በ1938 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲስቲክ ፋይብሮሲስን ራሱን የቻለ በሽታ አድርገው ሲገልጹ፣ ትኩረታቸውን የሳበው በአስከሬን ምርመራ ያዩት ቆሽት ነበር። ሕመምተኞቹን በብዛት የሚገድለው ግን የሳንባ ጉዳት ነው፤ ወፍራም አክታ ትናንሾቹን የአየር ቧንቧዎች ይደፍናል፣ ከድፍኑ ባሻገር ባክቴሪያ ይራባል፣ የቧንቧውም ግድግዳ እየተጎዳ ይሰፋል።

የደረት ራጅ ይህን ለመከታተል ለረጅም ጊዜ ዋናው መሣሪያ ነበር። ሽዋክማንና ኩልቺትስኪ በ1958 ባወጡት የመቶ ነጥብ መመዘኛ ራጅ 25 ነጥብ ይዟል፤ ክሪስፒንና ኖርማንም በ1974 ለራጁ ብቻ የሚሆን መለኪያ አዘጋጅተዋል። ይሁን እንጂ በትናንሽ ቧንቧዎች ያለ ድፍን በራጅ ላይ ጎልቶ የሚታየው ዘግይቶ ነው።

ሲቲ ስካን ሳንባውን በቀጫጭን ቁራጮች ማሳየት ሲችል፣ ባላና ባልደረቦቹ በ1991 የቧንቧውን መስፋትና የአክታውን ድፍን ለየብቻ ነጥብ የሚሰጥ መለኪያ አወጡ። ከሁሉም ይልቅ አመለካከትን የለወጠው፣ በእኔ ግምት፣ በ2004 ከሮተርዳም የወጣው ጥናት ነው። ሁለት ጊዜ ሲቲ ስካን የተነሡ ልጆች በስፓይሮሜትሪ ሲመዘኑ እንደቀድሞው ይነፉ ነበር፤ ምስሉ ላይ ግን የሳንባቸው ጉዳት ተባብሶ ተገኘ። ጤነኛው የሳንባ ክፍል የታመመውን ድካም ይሸፍንለታልና፣ በሚገባ የሚነፋ ልጅ ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይቻልም። ልጁ አየሩን አስወጥቶ ሲነሣ፣ አየር የታገተበት ክፍል ከቀሪው ሳንባ ይልቅ ጠቁሮ ይታያል።

ጨረሩ ግን ያሳስባል፤ ሕክምናው ዕድሜ ልክ ነውና ሕፃንን ደጋግሞ ሲቲ ማንሣት አይመከርም። ለዚህ ነው ኤም.አር.አይ. የተፈለገው። ሕመምተኛው የሚስበው የዜኖን-129 ጋዝ በድፍኑ ስለማያልፍ ያ ክፍል ጨለማ ሆኖ ይቀራል፤ ይህ ዘዴ በአሜሪካ በ2022 መጨረሻ ተፈቅዷል።

በ2019 በአሜሪካ የተፈቀደው የሦስት መድኃኒቶች ጥምረት ከተጀመረ ወዲህ በብዙ ሕመምተኞች ምስል ላይ የአክታው ድፍን ቀንሷል፤ የሰፋው ቧንቧ ግን በአብዛኛው እንደሰፋ ነው። ታዲያ አክታ የሚያቀጥኑትን ዶርናዝ አልፋንና የጨው እንፋሎትን ማቆም ይቻላልን? በ2023 የታተመ ጥናት ለስድስት ሳምንት ማቆም የሳንባን ሥራ እንዳልጎዳ አሳይቷል። ዋናው መለኪያው ግን ያው በ2004 ልጆቹን ደኅና ያስመሰለው ስፓይሮሜትሪ ነበር።