ስሜት ላጣ እግር የተሰፋ ጫማ

ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ወደ ሐረር ተራራ መውጣት አስቸግሮት ከቆላው በቆመ ጊዜ የተቆረቆረች ከተማ ስለሆነች፣ ታሪኳ በተነሣ ቁጥር የሐዲዱና የጉምሩኩ፣ የከዚራና የቀፊራ ሰፈሮች ነገር ይቀድማል፤ እኔ ግን ዛሬ የማወሳው ከዚህችው ከተማ ሽቅብ ወደ ሐረርና ከሐረርም ወዲያ የሚሄደው መንገድ የሚያደርሰንን አንድ ተግባረ እድ ነው፤ ይኸውም በሥጋ ደዌ ምክንያት ስሜት ላጣ እግር ጫማ የመስፋት ጥበብ ነው።

የካፑቺን ሚስዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1901 በሐረር የመሠረቱት የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠጊያ በአገራችን ከቀደምቶቹ አንዱ ሲሆን፣ ከሐረር በስተምሥራቅ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የቢሲድሞ ሆስፒታል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1957 በጀርመን አገር በቩርትስቡርግ በተቋቋመ የረድኤት ማኅበር ድጋፍ ቆመ። በዚያ ዘመን የሕሙማኑ ውስጠ እግር እየቆሰለ ሲያልቅ ያየ ሁሉ ሥጋቸውን የሚበላው ደዌው ራሱ ነው ብሎ ያምን ነበር።

ይህን እምነት ካፈረሱት ዋነኛው በደቡብ ሕንድ በቬሎር ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ነው። ደዌው የሚገድለው ነርቩን ነው፤ እግሩን የሚያቆስለው ግን መራመዱ ነው። ጤነኛ ሰው አንዱ የእግሩ ጎን ሲያመው ሳይታወቀው ክብደቱን ወደ ሌላው ያዛውራል፣ ያነክሳል፣ ጠጠር ቢገባበትም ቆም ብሎ ያወጣል፤ ሕመም የተነፈገ እግር ግን በዚያው በአንዱ ስፍራ፣ ይልቁንም ከአውራ ጣት ሥር ባለው አጥንት ላይ ሲረግጥ ይውልና ሥጋው ከቆዳው በታች ይደቃል። ሕመምን እንደ መርገም ስንቆጥር ለኖርን ሰዎች ይህ ታላቅ ትምህርት ነው።

መድኃኒቱ ከስሌት ይነሣል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ እግሩ ሲቆም ክብደቱ በ20 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ብቻ ቢያርፍ እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 3 ኪሎ ይሸከማል፤ በ100 ላይ ቢሰራጭ ግን 600 ግራም ብቻ ይደርሰዋል። ስለዚህ ጫማ ሰፊው ከውስጥ የሚያነጥፈው ጥቃቅን የአየር ቀዳዳ የመላበት ጎማ ጎድጓዳውን የእግር ክፍል ሳይቀር እየደገፈ ጫናውን ያካፍላል፤ ከመጠን በላይ ከለሰለሰ ተደፍጥጦ እግሩን ከጠንካራው ሶል ጋር ያገናኘዋል፣ ከጠነከረም ራሱ ያቆስላል።

ሚስማር ፈጽሞ ክልክል ነው። ድኻውን ሁሉ ያጫማው፣ ከመኪና ጎማ ተቆርጦ በሚስማር የሚመታው በረባሶ ለእሾህ የማይበገር ቢሆንም፣ ሚስማሩ ብቅ ሲል ጤነኛው ወዲያው ያወልቀዋል፤ ስሜት የሌለው ግን ሚስማሩ እንደ ተሰካበት ገበያ ደርሶ ይመለሳል። ስለዚህ የዚህ ጫማ ሰፊ በክርና በሙጫ ብቻ ይሠራል፤ ሲጨርስም እጁን ወደ ውስጥ አስገብቶ ስፌቱን ሁሉ በጣቶቹ ጫፍ ይዳስሳል፤ የሕሙሙ እግር የተነፈገውን መዳሰስ የእርሱ እጅ ይፈጽምለታልና።

እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ የተመሠረተው የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ ሕዝቡ አለርት የሚለው፣ ይህን ጥበብ ከቀዶ ሕክምናው ጎን አስቀመጠው። ሆኖም ጫማው ልዩ መልክ ስለነበረው ያደረገውን ሰው በሩቁ ያሳውቅበት ነበርና፣ ከመታወቅ መቁሰልን የመረጠ አልታጣም። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ በኢትዮጵያ ገጠር የተደረገ ጥናት፣ ማንም ሰው የሚያደርገው ዓይነት የሸራ ጫማ በርካሽ ዋጋ እንደሚረዳና ሕሙማኑም ደስ ብሏቸው እንደሚያደርጉት አሳየ፤ ለሰው ክብር ከተደረጉት ሥራዎች መካከል ይህን እጅግ አከብራለሁ።

ሥጋ ደዌ በመድኃኒት መዳን ከጀመረ ወዲህም ጥበቡ ሥራ አልፈታም፤ የስኳር በሽታም እንዲሁ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛልና በድሬዳዋ ሐሩር በነጠላ ጫማ የሚመላለሰው ሕመምተኛ ያው ንጣፍ ያስፈልገዋል፤ ንጣፉንም በልክ መቁረጥ የቀፊራ ጫማ ሰፊ ሊማረው የሚችለው ሥራ ነው።