ሳይቃጠል በቅጠል፤ የሊቲየም ባትሪ ታሪክና የጠባቂው ነገር



ለእጅ ባትሪና ለሬዲዮ ኃይል የሚሰጠውን ትንሽ ዕቃ «ድንጋይ» ብሎ መጥራት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ከባለሱቅ ዘንድ ቀርበን «ሁለት ድንጋይ ስጠኝ» ስንል ነገሩ ግልጽ ነው። ይህ አጠራር ሳይታሰብ ከአንድ የግሪክ ቃል ጋር ይገጥማል። በ1817 ዓ.ም. ስዊድናዊው ዮሐን አርፍቬድሶን ከአንድ ማዕድን ውስጥ አዲስ ንጥረ ነገር ባገኘ ጊዜ፥ «ሊቶስ» ከሚለው የግሪክ ቃል ተወስዶ ሊቲየም የሚል ስም ተሰጠው። ሊቶስ ማለትም ድንጋይ ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ በእጅ ስልካችን፥ በላፕቶፓችን፥ መብራት በጠፋ ምሽት በምናበራው ፋኖስ ውስጥ የሚሠራው ድንጋይ ሊቲየም ያለበት ነው። የቀድሞው ድንጋይ ሲያረጅ ፈሳሹን አንጠባጥቦ ዕቃ ያበላሽ ነበር፤ የዛሬው ግን ከተበደለ ይነድዳል። ስለዚህ ይህ ኃይል ከቤታችን እንዴት እንደ ገባና ጠባቂ ሲጎድለው ምን እንዳደረሰ ታሪኩን አብረን እንመልከት።

በመጀመሪያ ስለ ቀደምቶቹ በአጭሩ እናውሳ። በ1800 ኢጣሊያዊው አሌሳንድሮ ቮልታ የብርና የዚንክ ዝርግ ክቦችን በጨው ውሃ በራሰ ጨርቅ እያለያየ ደራርቦ የማያቋርጥ የኤሌክትሪክ ኃይል ማግኘቱን ለለንደን ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር በደብዳቤ አስታወቀ። በ1859 ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እየተሞላ የሚሠራውን የእርሳስ ባትሪ ሠራ፤ ይህ ዓይነቱ እስከ ዛሬ ድረስ የመኪና ሞተር ያስነሣል። በ1866 ደግሞ ሌላው ፈረንሳዊ ዦርዥ ሌክላንሼ የዚንክና የማንጋኒዝ ባትሪ ፈለሰፈ፤ የዱሮው የባትሪ ድንጋያችን የዚህ ልጅ ነው። እነዚህ ሁሉ በሆዳቸው የሚይዙት ፈሳሽ ውሃ ያለበት ስለ ሆነ በቀላሉ አይቀጣጠልም።

ሊቲየም ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ከብረታ ብረት ሁሉ የቀለለ በመሆኑ በዘይት ላይ ይንሳፈፋል፤ ውሃ ሲነካው ግን እየፈላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። አንዱ የዱሮ ድንጋይ 1.5 ቮልት ሲሰጥ፥ በእጅ ስልክ ውስጥ ያለው የሊቲየም ድንጋይ 3.7 ቮልት ያህል ይሰጣል። ይሁን እንጂ ከውሃ ጋር ስለማይስማማ፥ በቀላሉ በሚነድድ ፈሳሽ መሠራት ግድ ሆነበት። እንግዲህ ብርታቱና አደጋው ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው።

የነዳጅ ችግር ዓለምን ባስጨነቀበት በ1970ዎቹ ዓመታት ስታንሊ ዊቲንግሃም የተባለው ሊቅ በአሜሪካው የኤክሶን ኩባንያ ውስጥ እየተሞላ የሚሠራ የሊቲየም ባትሪ ሠራ። ባትሪው ኃይለኛ ነበር፤ ነገር ግን ደጋግሞ ሲሞላ በሊቲየሙ ላይ እንደ ጠጉር የቀጠነ የብረት ቅርንጫፍ ያቆጠቁጣል። ቅርንጫፉ አድጎ ከማዶው ወገን በደረሰ ጊዜ፥ ባለሙያዎች ሾርት የሚሉት ነገር ይደርስና እሳት ይነሣል። የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ወደ ቤተ ሙከራው መመላለስ ግድ ሆኖባቸው ነበር።

በ1980 ጆን ጉዲናፍ በኦክስፎርድ ከኮባልት የተሠራ አዲስ ወገን አግኝቶ የባትሪውን ኃይል ወደ 4 ቮልት ከፍ አደረገው። በ1985 ጃፓናዊው አኪራ ዮሺኖ ጥሬውን የሊቲየም ብረት አስወጥቶ፥ ሊቲየሙ በከሰል መሰል ነገር ውስጥ እየገባ እንዲያድር አደረገ። ዮሺኖ ሥራውን የፈተነው በድፍረት ነው፤ በባትሪው ላይ ከባድ ብረት ጣለበት። አዲሱ ባትሪ ዝም አለ፤ ጥሬ ሊቲየም ያለበት ግን በኃይል ፈነዳ። ሦስቱ ሊቃውንት በ2019 የኖቤል ሽልማት በአንድነት ተቀብለዋል።

ማስጠንቀቂያው ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ አላስተማረም። ሞሊ ኤነርጂ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ጥሬ ሊቲየም ያለበትን ባትሪ ለገበያ አቅርቦ ነበር። በጃፓን አገር በእጅ ስልኮች ላይ እሳት በመነሣቱ በ1989 ዕቃውን ከገበያ ለመሰብሰብ ተገደደ። ሶኒ በ1991 ለሽያጭ ያወጣው ግን ጥሬ ሊቲየም የሌለበት ዓይነት ነበር፤ ዛሬ ዓለም የሚጠቀመውም የዚያን ዘር ነው።

ታዲያ ይህ የተሻለው ዓይነት ለምን ይነድዳል? በድንጋዩ ሆድ ውስጥ ሁለቱን ወገኖች የሚለያያቸው ከሰው ጠጉር የቀጠነ የፕላስቲክ ሽፋን ነው። ድንጋዩ ከ4.2 ቮልት በላይ ሲሞላ፥ ሲጨፈለቅ ወይም ሾርት ሲደርስበት ይግላል። ግለቱ ወደ 130 ዲግሪ ሲጠጋ ሽፋኑ ይቀልጣል፤ ሁለቱ ወገኖችም ይነካካሉ። ከዚያ በኋላ ሙቀት ሙቀትን ይወልዳል፤ የኮባልቱ ወገን ኦክሲጅን ይለቅቃል፥ ፈሳሹም ይነድዳል። እሳቱ ከአንዱ ድንጋይ ወደ ጎረቤቱ ይዛመታል።

ይህ ነገር የእኛንም ደጅ አንኳኩቷል። በጃንዋሪ 7 ቀን 2013፥ በእኛ የልደት በዓል ዕለት፥ በቦስተን ከተማ የቆመ የጃፓን ቦይንግ 787 አውሮፕላን ባትሪ ተቃጠለ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሌላ የጃፓን አውሮፕላን በባትሪው ጭስ ምክንያት በታካማሱ በድንገት አረፈ። በዚህም የዓለም 787 አውሮፕላኖች ሁሉ ከበረራ ታገዱ። ባትሪዎቹ በብረት ሣጥን ተከልለው፥ በየድንጋዩ መካከልም ተጨማሪ መለያያ ገብቶ እገዳው ሲነሣ፥ በአፕሪል 27 መንገደኛ አሳፍሮ ከሁሉ በፊት ወደ ናይሮቢ የበረረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነበር።

ነገር ግን ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፥ ማለት በጁላይ 12 ቀን 2013፥ «ንግሥተ ሳባ» የተባለው የአየር መንገዳችን 787 በለንደን ሂዝሮው ማንም ሳይኖርበት ቆሞ ሳለ ከጅራቱ አጠገብ እሳት ተነሣበት። የእንግሊዝ መርማሪዎች በ2015 ባወጡት የመጨረሻ መግለጫ፥ ጥፋቱ ከትልልቆቹ ባትሪዎች እንዳልመጣ ተረጋገጠ። እሳቱ የተነሣው አውሮፕላን ቢወድቅ ያለበትን ስፍራ በሬዲዮ ከሚያስታውቀው ትንሽ መሣሪያ የሊቲየም ባትሪ ነው። ሁለት ሽቦዎች ከክዳኑ ሥር ተቆላልፈው ተጨፍልቀው ስለ ነበር ሾርት ደረሰ። በዚህ ጊዜ ኃይሉን እንዲገታ የተቀመጠው መከላከያም የታሰበውን ያህል አልጠበቀም። አስቡት፤ ያን ያህል ታላቅ አውሮፕላን የተጎዳው በትንሽ ባትሪና በደከመ ጠባቂ ነው። እሳቱ በሰማይ ሳይሆን በምድር በመነሣቱ እግዚአብሔር ይመስገን።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። በእጅ ባትሪና በፋኖስ ውስጥ በብዛት የሚገባው ድንጋይ 18650 ይባላል፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረትና 65 ሚሊሜትር ርዝመት ስላለው ነው። ይህ ድንጋይ በሁለት ዓይነት ይሸጣል፤ አንዱ ጠባቂ ያለው፥ ሁለተኛው ባዶውን የሆነ። ጠባቂ ያለው ከታች በኩል አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ተገጥማለታለች። ሰሌዳይቱ ድንጋዩ ከልክ በላይ ሲሞላ፥ ወደ 2.5 ቮልት ገደማ ሲወርድ ወይም ሾርት ሲደርስ መስመሩን ትቆርጣለች። በዚህ ምክንያት ከባዶው በጥቂት ሚሊሜትር ይረዝማል። ስለዚህ ስትገዙ ዕቃችሁ ይህን ርዝመት የሚቀበል መሆኑን አስቀድማችሁ ለኩ።

በጽሑፍም አትታለሉ። የዚህ መጠን ድንጋይ እውነተኛ ችሎታው ከ4,000 ሚሊአምፔር ሰዓት እምብዛም አያልፍም፤ 9,900 የሚል ጽሑፍ ብታዩ ሐሰት መሆኑን ዕወቁ። በችሎታው የዋሸ ሻጭ ስለ ጠባቂውም እንደማይዋሽ ምን ዋስትና አላችሁ?

ጠባቂ አለ ማለት ግን አደጋ ከቶ የለም ማለት አይደለም። በ2006 በሶኒ ድንጋዮች ውስጥ በሥራ ጊዜ የገባ የብረት ብናኝ ዴል ብቻ 4.1 ሚሊዮን የላፕቶፕ ባትሪ እንዲሰበስብ አስገድዶታል። በ2016 የሳምሰንግ ኖት 7 ስልክ በባትሪው አሠራር ጉድለት ከገበያ ወጥቷል። የሆድ ውስጥ ሕመምን ከውጭ የቆመ ዘበኛ አያቆመውም። ስለዚህ ከታወቀ ሠሪ መግዛት ቀዳሚው ጥበብ ነው። ከዚያም ልባሱ የተቀደደ ወይም ያበጠ ድንጋይ አትጠቀሙ፤ ባዶውን ድንጋይ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር በኪስ አትያዙ፤ አሮጌና አዲስ አታቀላቅሉ፤ በትራስ ሥር አድርጋችሁ አትሙሉ። በአውሮፕላን ስትሄዱም ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ ይያዛል እንጂ በጭነት አይላክም።

ክቡራን አንባብያን፤ ከመሥሪያ ቤት ደክሞት የተመለሰ ሰው ስልኩን ለኃይል ሰጥቶ ይተኛል። ልጆቹም በዚያው ክፍል ይተኛሉ። ጠባቂ ባለው ድንጋይና በባዶው መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ጥቂት ብር ነው፤ የሚጠብቀው ግን ይህን እንቅልፍ ነው። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለጎጆ ቤት እሳት ቢሆንም፥ ምክሩ ለሊቲየምም ይሠራል። ከዊቲንግሃም ቤተ ሙከራ እስከ ሂዝሮው ሜዳ ድረስ ያየነው ታሪክ የሚመሰክረውም ይህንኑ ነው።