አይስበርግ (ጽጌረዳ)

አይስበርግ ነጭ አበባ ያለው የፍሎሪቡንዳ ጽጌረዳ ዝርያ ነው። ያዳቀለው ጀርመናዊው ራይመር ኮርደስ ሲሆን ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። በጀርመን «ሽኔቪትኸን» ይባላል፤ ይኸውም በተረት የምትታወቀው እንደ በረዶ የነጣች ልጅ ስም ነው። የዓለም የጽጌረዳ ማኅበራት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1983 በታላላቅ ጽጌረዳዎች መዝገቡ ውስጥ አስገብቶታል።

አመጣጥ

ወላጆቹ «ሮቢን ሁድ» እና «ቪርጎ» የተባሉ ጽጌረዳዎች ናቸው። ቪርጎ ነጭ ነው፤ ሮቢን ሁድ ግን ቀይ ሆኖ ትንንሽ አበቦችን በትልልቅ ዘለላ ያወጣል። ስለዚህ አይስበርግ በቀለሙ ወደ ቪርጎ፣ በአበባ ብዛቱ ወደ ሮቢን ሁድ ያደላል ማለት ይቻላል።

ጠባይ

ቁጥቋጦው ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ቅጠሉ ፈካ ያለ አረንጓዴ ሲሆን እሾሁ ጥቂት ነው። እንደ ሌሎች ፍሎሪቡንዳዎች በአንድ ዘንግ ጫፍ ላይ ብዙ አበቦች አንድ ላይ ይፈካሉ። የረገፉት እየተቆረጡ ከተነሡ ደግሞ ወቅቱ እስኪያልቅ ደጋግሞ ያብባል። መዓዛው ቀላል ነው፤ ሽታ ለሚፈልግ ሰው የተሻሉ ጽጌረዳዎች አሉ። አየሩ ሲቀዘቅዝ እምቡጡ ላይ ሐምራዊ ጥላ ሊታይ ይችላል፤ ይህ በሽታ አይደለም።

በሽታ

ዋናው ድክመቱ ጥቁር ነጠብጣብ የተባለው የቅጠል በሽታ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ዲፕሎካርፖን ሮዜ የተባለ ፈንገስ ሲሆን፣ ዘሩ ለመብቀል ቅጠሉ ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። የተያዘው ቅጠል ይነጠበጠባል፣ ከዚያ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል፤ ክፉኛ የተጠቃ ተክልም በበጋው መካከል ራቁቱን ሊቀር ይችላል። በዚህ ምክንያት ያው ዝርያ ደረቅ አየር ባለባት ካሊፎርኒያ ብዙም ሳያስቸግር ሲያድግ፣ ዝናብ በሚበዛባት እንግሊዝ ግን ብርቱ ክትትል ይጠይቃል። ውኃውን ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ሥሩ ላይ፣ በተለይም በጠዋት ማጠጣት ይረዳል። ፈንገሱ በወደቁ ቅጠሎች ላይ ስለሚከርም እነሱን ለቅሞ ማስወገድ ያስፈልጋል። ሲገረዝም ነፋስ እንዲገባ የቁጥቋጦው መሐል ክፍት ይደረጋል።

ከእሱ የተገኙ ዝርያዎች

የሚንጠላጠለው አይስበርግ እ.ኤ.አ. በ1968 እንግሊዝ ውስጥ ወጣ፤ አበባው ያው ሆኖ ግድግዳና አጥር ይሸፍናል። ባለ ቀለሞቹ «ብሪሊያንት ፒንክ አይስበርግ» እና «በርገንዲ አይስበርግ» የተገኙት በአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ ነው። እነዚህ በማዳቀል አልመጡም፤ ቅርንጫፍ ላይ በራሱ ከተከሰተ የዘር ለውጥ የተባዙ ናቸው።