የባንዳ ፈረሰኞችና የአሶሳ ምሽጎች

የጦርነት ታሪክ በአመዛኙ የሚጻፈው ከአዛዦች ማስታወሻና ከመንግሥታት መዝገብ ነው። ያለ በቂ ሥልጠና ጠመንጃ ተሰጥቶት በወገኑ ላይ የተሰለፈው ተራ ተዋጊ ግን ማስታወሻ አልጻፈም። የእርሱን ፈለግ ለሚሻ ተመራማሪ የቀረው መነሻ አፈሩ ነው።

ፋሽስት ኢጣሊያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአገራችን ላይ በቆየበት ዘመን ከመደበኛው የአስካሪ ሠራዊት ውጭ ያሰለፈውን ጭፍራ «ባንዳ» ይለው ነበር። ቃሉ በኢጣሊያንኛ ከጭፍራ የዘለለ ትርጉም አልነበረውም፤ በአማርኛ ግን የከሐዲ ስም ሆኖ ቀረ። ከዘመኑ ቅርሶች ሁሉ ዝገት ያልነካው ይኸው ቃል ሳይሆን አይቀርም።

ከእነዚህ ጭፍሮች አንዱ በመቶ አለቃ አሜዴዮ ጊዬ የሚመራው፣ «አማራ» የሚል ስያሜ የተሰጠው የፈረሰኛ ባንዳ ነበር። በውስጡም ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያንና የመናውያን ተሰልፈውበት ነበር። ጥር 13 ቀን 1933 ዓ.ም. በኤርትራ ምዕራባዊ ቆላ በከሩ ግንባር ይህ ጭፍራ በእንግሊዝ መድፈኞች ላይ በግልቢያ ወረደ፤ መድፈኞቹም አፈሙዛቸውን ዝቅ አድርገው በቅርብ ርቀት ተኮሱበት። ብዙ ፈረስና ብዙ ሰው ወደቀ። የአዛዡ ዝና እስከ ዛሬ ይተረካል፤ የወደቁት ፈረሰኞች ስም ግን ብዙም አይነሳም።

እንዲህ ያለ ጭፍራ በምድር ላይ ምን ይተዋል? የአገራችን ፈረስ በጥንቱ ልማድ የብረት ጫማ አይደረግለትም፤ ስለሆነም ሚስማርና ጫማ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ልጓምና እርካብ ተሸካሚው ሲሞት ሌላው ይወርሰዋል፤ የኮርቻ ቆዳም ይበሰብሳል። ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር የናስ ቀለህ ነው። ቀለህ ተኳሹ የቆመበትን ስፍራ ያሳያል፤ በታችኛው ፊቱ የሚታተመውም ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ፋብሪካውንና ዘመኑን ይናገራል። በአንድ ጉብታ ላይ የካርካኖ ጠመንጃ 6.5 ሚሊሜትር ቀለህ፣ ከፊቱ ባለው ሸለቆ ደግሞ የእንግሊዝ ቀለህ ቢገኝ፣ የውጊያው መልክ ያለ ጽሑፍ ይነበባል።

ወደ ቤኒሻንጉል ስንመጣ ደግሞ ፈረሱ ራሱ ይጠፋል። በአባይና በዴዴሳ ሸለቆዎች የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው ገንዲ ፈረስና በቅሎን ይፈጃል። ስለዚህ በሱዳን ጠረፍ የነበረው የኢጣሊያ ኃይል በአብዛኛው ምሽግ ጠባቂ እግረኛ ነበር። ስፔናዊው አርኪዮሎጂስት አልፍሬዶ ጎንሳሌዝ ሩይባል በዚህ ምዕራባዊ ጠረፍ የነበሩትን የኢጣሊያ ምሽጎች አጥንቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2010 አሳትሟል። ስለ ፋሽስት ዘመን ሲወራ የከተማ ሕንፃ ብቻ ለሚታየው አንባቢ፣ በዱር ውስጥ የቀረ የድንጋይ ካብ የወረራውን ሌላ ገጽ ይገልጥለታል።

የእንስሳቱ እልቂት በወራሪው ወገን ብቻ አልነበረም። ጥር 12 ቀን፣ ማለትም ከከሩ ግልቢያ በዋዜማው፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ ድንበሩን ተሻገሩ። ስንቅና ጥይት ተሸክመው ወደ በላያ ተራራ ከተነዱት ወደ 15,000 ያህል ግመሎች አብዛኞቹ በመንገድ አለቁ። የሬሳቸው ሽታ ለኋላ መጪው ጓድ እንደ ኮምፓስ ያገለግል እንደነበር ከዘማቾቹ ተጽፏል።

አሶሳን መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. ከኢጣሊያ እጅ ያስለቀቁት ከቤልጂግ ኮንጎ የመጡ ጥቁር ወታደሮች ነበሩ። በራሳቸው አገር ቅኝ ተገዢ የሆኑ ሰዎች፣ በነጭ መኮንኖች እየታዘዙ፣ ከሌላ ቅኝ ገዢ አስካሪዎች ጋር ተዋጉ፤ ይህን ተቃርኖ የድል መግለጫዎቹ አላነሱትም። ከዚያም ጋምቤላን ያዙ፤ ሰኔ 26 ቀን ጄኔራል ጋዜራ በሳዮ እጁን ሰጠ።

ዛሬ በኪንሻሳ ከተማ አሶሳ፣ ጋምቤላና ሳዮ የሚባሉ ጎዳናዎች አሉ።