የጓሳ ጥበቃና የመሪ ጽናት

ዘመን ሲናወጥ መሪ ሁሉ ይፈተናል። ነጋዴው የገበያው ዋጋ አድሮ ሲለወጥበት፣ የድርጅት ሥራ አስኪያጁ ትናንት የለመደው ደንብ ዛሬ ሲሻርበት፣ የመሥሪያ ቤት ሹሙም ትእዛዝ በትእዛዝ ላይ ሲደራረብበት፣ ጩኸት ወደ ተሰማበት ሁሉ ሲሮጥ የተነሣበትን ጉዳይ ይረሳል። የዚህን ፈውስ ከሩቅ አገር መጻሕፍት ብቻ እንፈልጋለን። ነገር ግን በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ፣ ስለ አንድ ሣር ጥበቃ የሚነገር ታሪክ አለንና እርሱን እንመልከት።

ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 ሜትር ከፍ ያለ ብርዳም ምድር ነው፤ ስሙም በላዩ የሚበቅለው ሣር ስም ነው። የመንዝ ሰው በዚህ ሣር ቤቱን ይከድንበታል፤ ገመድ ይገምድበታል፤ ከዝናም የሚከለልበትን ገሳ ይሠራበታል። ይህን ሀብት እያንዳንዱ እንደ ፈቀደ ቢያጭደው በጥቂት ዓመት እንደሚያልቅ አባቶች ዐወቁ። ስለዚህ በ17ኛው መቶ ዓመት፣ ከአቅኚዎቹ ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱ ባለርስቶች የሚተዳደሩበት፣ ቄሮ የተባለ የጥበቃ ሥርዓት ተመሠረተ።

በሥርዓቱ መሠረት አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመረጣል። ምድሩ ሦስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ተዘግቶ ይቆያል። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈትና አስቀድሞ አጫጅ፣ ቀጥሎ ከብት ይገባል፤ ክረምት ሲገባ በሐምሌ አቦ እንደ ገና ይዘጋል። ሳይፈቀድለት የገባ ሰው ጽኑ ቅጣት ያገኘዋል።

እንግዲህ ልብ እንበል። ከዚያ ወዲህ በሸዋ ብዙ ገዥዎች ተፈራርቀዋል፤ ጦርነትና ረኃብ ደርሷል፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጠላት ወረራ ዘመንም መንዝ የአርበኞች መዋያ ነበረች። አባ ቄራ ከዚህ አንዱን እንኳ ሊያስቆም አይችልም ነበር። የተሰጠው ሥራ ግን የታወቀ ነበር፤ ይኸውም መዝጊያውንና መክፈቻውን መጠበቅ ነው። ጽናቱም ከልቡ ብርታት ብቻ የመጣ አይደለም። ዓላማው በተቆረጠ ቀንና በጋራ ግዴታ ላይ ስለ ታሰረ፣ አለቃው ቢደክም እንኳ ሥርዓቱ ይሸከመው ነበር።

ታላቁ ፈተና የመጣው በ1967 ዓ.ም. ነው። የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው ዐዋጅ በየካቲት ወር ሲታወጅ ርስት ቀረ፤ ቄሮም አብሮ ቀረ። ዐዋጁ ለብዙዎች ፍትሕ ማምጣቱን መካድ አይገባም፤ ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልተወለደ ከጓሳ ድርሻ አልነበረውምና። ይሁን እንጂ የሁሉ የሆነው ምድር ጠባቂ አጣ፤ ሣሩም ያለ ጊዜው ይታጨድ ጀመር።

በዚህ ጊዜ የአገሩ ሰዎች ሁለት ቀላል መንገዶች ነበሯቸው። አንደኛው ያለፈውን እያለቀሱ መቀመጥ፣ ሁለተኛው ከሌላው ጋር ተሻምቶ የቀረውን ማጨድ ነበር። እነርሱ ግን በገበሬ ማኅበራት በኩል ኮሚቴ አቋቁመው ጥበቃውን ቀጠሉ። የአባ ቄራ ማዕረግና የዘር መብት ቀረ፤ ሣሩን ለልጅ ልጅ የማትረፉ ጉዳይ ግን አልቀረም። በ2004 ዓ.ም. የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን የማኅበረሰብ ጥበቃ ስፍራ አድርጎ በሕግ አጸናው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳም እስከ ዛሬ በዚያ ይኖራሉ።

ከዚህ የምንማረው፣ ጽናት ማለት ሁሉን እንደ ነበረ መያዝ አለመሆኑን ነው። ከመንዝ ሰዎች አንዳንዱን ነገር ዘመን ወሰደባቸው፤ ከተወሰደውም ሊመለስ የማይገባው ነበረበት። እነርሱ ግን መሣሪያውን ከዓላማው ለይተው ዐወቁ። ዛሬ ድርጅት የሚመራ ወይም ሹመት የያዘ ሁሉ፣ ወሬው ከመብዛቱ በፊት፣ በእኔ እጅ ያለው ጓሳ ምንድር ነው ብሎ ራሱን ይጠይቅ። መልሱን ካገኘም ቀን ይቁረጥለት፤ ጠባቂም ያብጅለት። ያን ጊዜ የቀረው ቢለዋወጥ ብዙ አያስደነግጠውም።